ከጎጃም ወደ ደናክል፦ ካሜራ ይዞ በረሃ መውረድ ለሚያስብ

የደናክልን ፎቶ ያላየ ሰው የለም። ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የሚፈላው ዳሎል፣ ዳርቻው የማይታየው ነጭ የጨው ሜዳ፣ ሌሊት የሚንቀለቀለው የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ፣ ተሰልፈው የሚጓዙት ግመሎች። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሱት ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ስንትና ስንት እጁ የተፍታታ ፎቶ አንሺ አለ። ሰርግና ምርቃት ሲያነሳ ውሎ የሚገባ፣ ብርሃን የሚያውቅ፣ ሰው ማናገር የማያቅተው። ይሄን የምጽፈው ለእሱና ለእሷ ነው። አገራችን ውስጥ ያለን እንዲህ ያለ ቦታ እኛም በራሳችን ዓይን ልናየውና ልንነግርለት ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን በቅድሚያ ይያዝልኝ። ደናክል ደርሶ መዘጋጀት የሚባል ነገር የለም። ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ሌንስ የሚያጸዳ ሰው የለም፣ ሙቀቱ ደግሞ የማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሥራው ከግማሽ በላይ እዚሁ ጎጃም ማለቅ አለበት።

ቦታው ምን ዓይነት ነው?

ደናክል በሰሜን አፋር ያለ ዝቅተኛ ቦታ ነው። የምድር ቅርፊት እየተለያየ የሚሄድበት ስፍራ ስለሆነ መሬቱ ሰጥሟል። ጥንት የቀይ ባሕር ውኃ እየገባ ይተንበት ነበር፤ የቀረው ጨው አንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። ሰውነታችሁ በአንድ ጉዞ ይሄን ሁሉ ይወርዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ልኬት የዳሎል ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ልብ በሉ፣ አማካይ ነው። ሌሊቱም፣ ቀዝቃዛ የሚባለው ወርም ተደምሮ ነው እዚህ የደረሰው።

መቼ?

ከኅዳር እስከ ጥር። የካቲትም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ይሄድና ክረምት ላይ ከ45 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያ ወቅት ለፎቶ ብሎ መሄድ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ ጨረቃን እዩ። ኮከብ ማንሳት ከፈለጋችሁ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ያዙ። የጨው ሜዳውን በሌሊት ማንሳት የሚያምራችሁ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ጨረቃ ጥሩ ናት፣ ነጩን መሬት ለስለስ አድርጋ ታበራዋለች። ሁለቱን በአንድ ጉዞ አታገኙም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ወስኑ።

ሌላም አለ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ከገና ዋዜማ በፊት አይፈታም። ምርጡ የጉዞ ወቅት ብዙዎቻችን የምንጾምበት ወቅት ነው። ክልክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ስንቁን በዚያው ልክ አስቡ፣ ለምግብ አብሳዩም አስቀድማችሁ ንገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ግን በረሃ ላይ አይሞከርም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ልምምዱ እዚሁ ነው

እኛ ጎጃሞች አንድ ትልቅ ዕድል አለን፤ አባይ በረሃ ቅርባችን ነው። ደጀን ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትወርዱ አየሩ እንዴት እንደሚቀየር ታውቁታላችሁ። የመንገዱ ደህንነት ሲፈቅድ አንድ ቀን ሙሉ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ቆላው ውስጥ ዋሉ። ድልድዩንና ጠባቂዎቹን አታንሱ፣ ከዚያ ራቅ ብላችሁ ሥሩ። የምትፈትኑት ፎቶውን አይደለም፣ ራሳችሁንና ዕቃችሁን ነው። ቦርሳው ትከሻ ይቆርጣል ወይ? ጫማው ከሦስት ሰዓት በኋላ ምን ይላል? ካሜራው ፀሐይ ላይ ሲቆይ የሙቀት ምልክት ያሳያል? በቀን ስንት ሊትር ጠጣችሁ? የብዙ ካሜራዎች መመሪያ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ብቻ እንደሚሠሩ ይናገራል፤ ደናክል ይሄን ገደብ በቀላሉ ያልፈዋል። የእናንተ ካሜራ የት ላይ እንደሚያስቸግር ቀድሞ ማወቅ ነው።

ቆላ መውረድ ካልተቻለ ቤት ሆናችሁም የምትሠሩት አለ። እኩለ ቀን ላይ ነጭ ጋቢ ፀሐይ ላይ ዘርጉና አንሱት። ካሜራው በራሱ ከመረጠ ጋቢው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማልና። አሁን ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከ+1 እስከ +1.7 ድረስ ወደ ላይ እየጨመራችሁ፣ የጋቢው ጥለትና የክሩ ሸካራነት ሳይጠፋ ነጩ ነጭ የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። የጨው ሜዳ ማለት ይሄው ጋቢ ነው፣ አድማስ ድረስ የተዘረጋ። ሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ መጠን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ) ማንበብ የማትችሉ ከሆነ በዚህ ጋቢ ላይ ተማሩት፤ በጠራራ ፀሐይ የካሜራው ስክሪን አይታይም፣ በዓይን ግምት መሥራት አትችሉም።

መብራት የጠፋበት ማታ ደግሞ ካሜራችሁን ይዛችሁ ግቢ ውጡ። ባትሪ መቀየር፣ ሜሞሪ ማውጣት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) መቀየር፣ ትራይፖድ መዘርጋት፣ ሁሉንም በጨለማ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ። እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልፍ መፈለግ አደገኛ ነው። ለኮከብ የምትጠቀሙበትን ሒሳብም እዚሁ ሞክሩት፦ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል። 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሰከንድ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ይሰመራል። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ1.5 አካፍሉ።

አቧራና እንቅስቃሴ ለመለማመድ ከጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል የተሻለ አላውቅም። እንጅባራ ሂዱ። ፈረስ ሲጋልብ ያነሳ እጅ ግመል ሲራመድ አይቸገርም። አቧራ ውስጥ ሌንስ ሳይቀይሩ መሥራትንም ያስተምራል።

ምን ይዤ ልሂድ?

ትንሽ ዕቃ። ሰርግ ላይ የምትይዙትን ሁሉ አትሸከሙ፤ ፍላሹን፣ ማንጸባረቂያውን፣ የመብራት መቆሚያውን ተዉት። አንድ ሰፊ ሌንስ፣ አንድ 70-200 ወይም ተመሳሳይ ረጅም ሌንስ፣ ከተቻለ ሁለት ካሜራ። ሁለት ካሜራ የምለው ለቅንጦት አይደለም። በጨው ነፋስ መሃል ሌንስ መቀየር ሴንሰሩን ለአቧራ መክፈት ነው። አንዱን ካሜራ በሰፊው፣ ሌላውን በረጅሙ ዘግታችሁ ዋሉ። ሁለተኛውን መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ ከባልደረባ ተዋሱ፣ ለእሱም በሌላ ቀን ታበድሩታላችሁ። ሁለተኛ ከጠፋ ሌንሱን መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግታችሁ ብቻ ቀይሩ።

እያንዳንዱ ሌንስ ላይ መከላከያ ፊልተር ይኑር። ፖላራይዘር ካላችሁ ያዙ፤ የጨውንና የውኃን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ የዳሎልን ቀለም ያወጣዋል። በጣም ሰፊ ሌንስ ላይ ግን ሰማዩን ግማሹን አጨልሞ ግማሹን ያነጣዋል፣ እዚያ ላይ አውልቁት። ሜሞሪ ካርድ አንድ ትልቅ ከሚሆን ብዙ ትናንሽ ይሁን። ባትሪ የምትችሉትን ያህል። ፓወር ባንክ በአውሮፕላን የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ያ ማለት 27,000 ሚሊ አምፒር ገደማ። በመኪና የሚሠራ ቻርጀርም አይቅር።

የአየር መንፊያ ፓምፕ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት። ነጭ ነጠላ ደግሞ የግድ፤ ጥቁር ካሜራ ፀሐይ ስለሚስብ ከማንሳት ስታርፉ ሸፍኑት። ነጠላው ለአንገትም፣ ለአፍንጫም፣ ለጥላም ያገለግላል። በግንባር የሚታሰር መብራት፣ ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጫማ ሁለት ዓይነት፦ ወፍራም ሶል ያለው አንድ፣ ለጨው ውኃው ደግሞ ኮንጎ ጫማ። የቆዳ ጫማ ጨው ይበላዋል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትቅሩ። የዛሬ ስልክ ጥሩ ያነሳል፤ ችግሩ ሙቀት ነው፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ወፍራም ሽፋኑን አውልቁ፣ ፀሐይ ላይ ቻርጅ አታድርጉ፣ ቪዲዮ አታስረዝሙ።

መንገድና ፈቃድ

ብቻችሁን፣ ወይም ከጓደኛ ጋር መኪና ተከራይታችሁ አትሄዱም። ይሄ ምክር ሳይሆን ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት። ከአፋር ክልል ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የአካባቢ መሪና የታጠቀ አጃቢ አብሮ ይሄዳል። ጥር 2004 ላይ ኤርታ አሌ ጫፍ ላይ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል፤ አጃቢው ለይስሙላ አይደለም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር ተስማሙ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ ተቀበሉ። ፈቃዱ፣ መሪው፣ አጃቢው፣ ውኃው፣ ምግቡ፣ ፍራሹ። መኪናው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ አሸዋ ውስጥ ቢቀረቀር ወይም ቢበላሽ ሌላው ያወጣችኋል። አንድ መኪና ብቻ የሚል ካለ ሌላ ፈልጉ። ጎብኚ እንጂ ፎቶ አንሺ መውሰድ ያልለመደ ድርጅት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ለግማሽ ሰዓት አቁሞ ውጡ ይላችኋል፣ ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ሜዳው ላይ መሆን እንደምትፈልጉ ከመጀመሪያው አስረዱ። አራት አምስት ፎቶ አንሺዎች ተሰብስባችሁ ብትሄዱ ወጪውም ይቀላል፣ ጊዜውም የእናንተ ይሆናል።

ከጎጃም በየብስ የሚወስደው መንገድ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና ወልድያ ይወጣል፤ ከዚያ በኮምቦልቻና በባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎግያና ሰመራ። ያምራል፣ ረጅም ነው። ግን የክልላችንን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ካሜራና ትራይፖድ የያዘ ሰውም በየኬላው ብዙ ይጠየቃል። እኔ የምመክረው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውሮፕላን ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ልብ ግን ያርፋል። በየብስ ከሄዳችሁ መታወቂያና የሥራ ደብዳቤ ከእጅ አይለይ፤ መነሐሪያ ሄዳችሁ ትናንት የመጣ ሾፌር ጠይቁ፤ ካሜራውንም ኬላ ላይ አታውጡ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ድልድይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አይነሳም።

ድሮን ያለ ፈቃድ አትያዙ። የሚፈቅደው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ ቤት ይቀመጥ፤ እሱን ብሎ ጉዞውን ማበላሸት አይገባም።

ሰውነት

ከደጋ የሄደ ሰው ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እናንተ ያን ያህል አትቆዩም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ዝግ በሉ። በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሊትር ውኃ፣ ሳይጠማ ቀስ እያሉ። ውኃ ብቻውን አይበቃም፣ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዝታችሁ ያዙ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። አረቄና ቢራ እስክትመለሱ ይቆዩ።

ስንቅ ላይ እኛን የሚስተካከል የለም። በሶ ያዙ። አይበላሽም፣ ይቀላል፣ በቀዝቃዛ ውኃ በማር ይበጠበጣል፣ የጾምም ነው፤ ጾሙን ለሚያጠብቅ ሰው ማሩ በስኳር ይተካል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር ይጨመርበት። ሙቀት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ የምትወዱትን ነገር መያዝ ጠቃሚ ነው።

ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ፣ ቆዳው ከጋለ፣ ካስመለሰው፣ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ በእርጥብ ጨርቅ እያረጠባችሁ አራግቡለት፣ ሕክምና ወዳለበትም ይዛችሁት ሂዱ። ካሜራው ይቆያል። አስም ያለበት ሰው የዳሎልንና የኤርታ አሌን ጋዝ ስለማይችለው ከሐኪም ጋር ሳይማከር አይሂድ። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበትም እንዲሁ። ወባም ስላለ አጎበር ወይም የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ጥሩ ነው።

መጸዳጃ ቤት የለም። ሴቶች እህቶቻችን ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ መብራት ይዛችሁ፣ መሪው ደህና ነው ባለው በኩል።

የጨው ሜዳው

የምታድሩበት ሰፈር ሐመድ ኤላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተኛው ደጅ፣ ሰማይ ሥር፣ የጠፍር አልጋ ላይ ነው። ሌሊት ነፋስ አሸዋ ስለሚያመጣ ካሜራችሁ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱ ቦርሳ ውስጥ ይደር። ከሐመድ ኤላ አሳሌ የሚባለው የጨው ሐይቅ ቅርብ ነው። ስስ ውኃ ሜዳው ላይ ሲተኛ ሰማዩ እንዳለ ይገለበጣል። ፀሐይ ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከጠለቀች በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ አብዛኛው ሰው ወደ መኪና ሲሮጥ ሮዝና ሐምራዊው ቀለም የሚመጣው ያኔ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፣ እናንተ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሁኑ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በረጅም ሌንስ ከሩቅ አታንሱ፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። ወደ ነገሩ ጠጉ። ሚራጁን (ከሩቅ ውኃ መስሎ የሚታየውን) ራሱን ከፈለጋችሁት ግን ሰዓቱ ያ ነው።

ቦርሳችሁን ጨው ላይ አታስቀምጡ። የትራይፖዱን እግር ማታውኑ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ካልሆነ ይዝጋል። ሌንስ ላይ ጨው ከረጨ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ይጭረዋል፤ መጀመሪያ ፓምፕ፣ ከዚያ በትንሹ የረጠበ ጨርቅ።

እዚህ ጋ ልቤ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ልንገራችሁ። ከእዚያ ሜዳ የሚቆረጠው ጨው አሞሌ ሆኖ ለዘመናት አገራችንን የዞረ ገንዘብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው የባሶ ገበያ አሞሌ ይገበያይ ነበር። የእኛ ታሪክ ጫፉ እዚያ ጨው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አሞሌ የሚያስታውሱ አያት ካሉ ቁጭ ብላችሁ አናግሯቸው፣ ፊታቸውን፣ እጃቸውን አንሱ። ከዚያ ውረዱና ጨው የሚቆርጠውን እጅ አንሱ። ዳሎልን የሚያህል ቀለም እያለ እጅ ላይ ማተኮር ይከብድ ይሆናል። ግን ቀለሙን ዓለም ሁሉ አንስቶታል፤ ባሶንና አሳሌን በአንድ ላይ ሊያገናኝ የሚችለው ከዚህ የሚሄድ ሰው ነው።

ጨው ቆራጮቹ ከጠዋት ጀምሮ ይሠራሉ። ጨዋታችሁ በፊት፣ ካሜራችሁ በኋላ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ማን ደህና ነው፣ ማን ታመመ። በመሪያችሁ በኩል እናንተም ቁጭ ብላችሁ ከጎጃም መምጣታችሁን፣ የአገራችሁን ደህንነት ተናገሩ፣ የእነሱን ስሙ። ሰላምታችን ላይ ረጅም የሆንን ሕዝቦች ነን፣ አይከብደንም። ከዚያ ጠይቁ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። ሴቶችን ያለ ፈቃድ በፍጹም አታንሱ፣ በአርብ ስግደትና በጸሎት ሰዓት ካሜራ ዝቅ ይበል። ክፍያ ካለ በመሪው በኩል ከማንሳታችሁ በፊት ይታወቅ። ሥራቸው በቁራጭ የሚከፈል ከባድ ሥራ ነው፤ እንደገና ምታልኝ፣ ወዲህ ዙርልኝ እያሉ ማስቆም ከእንጀራቸው ላይ መቀነስ ነው። ዝቅ ብላችሁ፣ ከጎን በሚመጣው የጠዋት ብርሃን፣ ሥራውን ተከትላችሁ አንሱ።

የግመል ቅፍለት ስታዩ በመኪና አታሳድዱ፣ ግመሎቹ ይደነግጣሉ፣ ጭነት ይወድቃል። የሚሄዱበትን አቅጣጫ ጠይቁና ቀድማችሁ ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን ብርሃኑን በፀሐዩ በኩል ለኩና ግመሎቹ ጥላ ብቻ ይሁኑ።

ዳሎል

እ.ኤ.አ. በ1926 በተፈጠረ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው አንዱ ጉድጓድ የተከፈተው። ቢጫው ድኝ ነው፣ አረንጓዴና ቀይ ቡኒው የብረት ንጥረ ነገር ያለበት፣ ነጩ ጨው። ኩሬዎቹ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ ከምንጩ ሲወጣም የሚፈላ። እጅ መንከር፣ ጠጠር መወርወር፣ ለማስታወሻ ቆርሶ መውሰድ አይገባም። መሬቱ አንዳንድ ቦታ ስስ ቅርፊት ብቻ ስለሆነ መሪው የረገጠበትን ብቻ እርገጡ፤ በካሜራ መስኮት እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይበቃችኋል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታችሁ ጋዙ ወደማይሄድበት ቁሙ፣ ካሜራውንም እንፋሎት ላይ አታንዣብቡት። ቀለሙ በራሱ ኃይለኛ ስለሆነ ኮምፒዩተር ላይ ተጨማሪ ቀለም አትጫኑበት፤ ያየ ሰው አያምናችሁም። በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ ሰው የቆመበት አንድ ሁለት ፎቶም ይኑራችሁ፣ ስፋቱ የሚታወቀው ሰው ሲኖርበት ነው።

ኤርታ አሌ

እዚህ ላይ የድሮ ፎቶ እያያችሁ አትጓጉ። 613 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ በሚታወቅበት የእሳት ሐይቅ ላይ ከጥር 2009 ጀምሮ ትልቅ ለውጥ መጥቷል፣ ሐምሌ 2017 ላይም እንደገና ፈንድቷል። ከዚያ ኅዳር 14 ቀን 2018 ከእሱ ብዙም የማይርቀው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በተጻፈ ታሪክ ፈንድቶ የማያውቅ ተራራ ነበር። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ አልፎም ሕንድ ደረሰ፤ በአፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፣ ግጦሹ ተጎዳ። ስለዚህ የሚታየው ነገር ከወር ወር ይለያያል። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት እዚያ የነበረ መሪ አናግሩ፤ አይወጣም ካላችሁ አትከራከሩ።

ከተፈቀደ መውጫው ማታ ነው። በፊት ከዶዶም ሰፈር ተነስቶ ሦስት አራት ሰዓት በእግር ይወጣ ነበር፤ የአሁኑን ሁኔታ መሪያችሁ ያውቃል። ጋቢ ያዙ፤ አናቱ ላይ ሌሊት ነፋሱ ይበርዳል። ነጠላውን አርጥባችሁ አፍንጫችሁ ላይ እሰሩ፣ ወይም የጋዝ ማስክ። ነፋሱ ወደ እናንተ ከዞረ ሾቱን ትታችሁ ሂዱ።

እሳቱን ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተዋችሁት ጨለማውን አይቶ እሳቱን ያነጣዋል። በማኑዋል አድርጉ፣ ከእሳቱ ላይ ለኩ፣ ብርቱካናማው ቀለም እስኪታይ ድረስ አጨልሙ። አይኤስኦ 800 ወይም 1600፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 4፣ ከዚያ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ1/60 ሰከንድ ጀምራችሁ እንደ እሳቱ ድምቀት ወደ ላይም ወደ ታችም ሞክሩ። ሰው እሳቱ ፊት ቆሞ ጥላው ብቻ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ከአፋፉ ግን ራቅ ብሎ።

አመድ ከዘነበበት ቦታ ስትሠሩ የእሳተ ገሞራ አመድ የደቀቀ ብርጭቆ መሆኑን አትርሱ። በጨርቅ ቢነካ ሌንስ ያበላሻል። ፓምፕ ብቻ፣ የሌንሱ አፍ ወደ መሬት ተደፍቶ።

በየማታው

ደክሟችሁም ቢሆን ከመተኛታችሁ በፊት ፎቶውን ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ አንዱን ሐርድ ዲስክ ሌላ ሰው ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ። ሜሞሪውን እስክትመለሱ አታጥፉ። የሰዎቹን ስም፣ ሥራቸውን፣ የነገሯችሁን በደብተር ጻፉ፤ የፎቶው መግለጫ ከዚያ ነው የሚወጣው።

ቤት ስትደርሱ ቦርሳውን ውጭ አራግፉ፣ የትራይፖዱን መጋጠሚያ ፈታችሁ እጠቡ፣ ሴንሰሩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ፎቶ ካነሳችኋቸው ሰዎች የጥቂቶቹን አሳትሙና ሐመድ ኤላ ደጋግሞ በሚመላለሰው ሾፌር ወይም መሪ ላኩላቸው። ስልክ ቁጥሩን ከመለያየታችሁ በፊት ተቀበሉ። ወረቀቱ ላሚኔት ይደረግ፣ ካልሆነ እዚያ አይቆይም።